ለልጆቻችሁ ከማንበባችሁ በፊት፦ ቤት ውስጥ የሚያስተምር ክርስቲያን ወላጅ በየዕለቱ የሚታደስበት አሠራር

አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሴን ሳገላብጥ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፍኳቸውን ነገሮች አየሁ። «ዮናስ ለምን ሸሸ? ለትንሿ የሚሳል።» «ይህን ከጂኦግራፊው ጋር አያይዢው።» «በቃል የሚጠና፦ ከቁጥር 4 እስከ 6።» ሌላ ገጽ ገለጥኩ፤ ሌላም። የሁለት ዓመት ማስታወሻ ነው፣ ሁሉም ግን ለልጆቹ ነው። ለራሴ ብዬ ያሰመርኩበት አንድ ቃል አላገኘሁም። በየቀኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ እውላለሁ፤ ለካ የያዝኩት እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው። እንግዳ ሲያስተናግድ ውሎ ራሱ ሳይቀምስ የሚያድር ሰው ሆኜ ነበር።

ልጆቹን ቤት የሚያስተምር ክርስቲያን ወላጅ መዛል የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። ሥራው ራሱ መንፈሳዊ ስለሆነ ነፍሱን የመገበ ይመስለዋል። ዘዳግም 6ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ለልጆችህም አስተምረው» የሚለውን ግን ከፊቱ ካለው ቁጥር ነጥለን ነው የምንይዘው። ቁጥር 6 ቃሉ አስቀድሞ በወላጁ ልብ እንዲኖር ያዛል፤ ወደ ልጆቹ የሚሻገረው ቁጥር 7 ላይ ሲደርስ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቁጥር 7 ነበር የምጀምረው።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ የያዝኩት አሠራር ነው። እናት ብሆንም ለአባቶችም ይሠራል፤ ከሥራ በፊት ወይም በኋላ የሚያስተምር አባት ሰዓቶቹን ብቻ ያዛውራቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ለእናንተ ብቻ የሚሆን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቀጭን ደብተር፣ እርሳስ፣ ጥቂት ቁራጭ ወረቀት። መጽሐፍ ቅዱሱ ልጆቹ የሚማሩበት አይሁን፤ እርሱን ስትከፍቱ እጃችሁ ሳታዙት ጥያቄ ማውጣት ይጀምራል። በስልክ ማንበብ ክፉ ነው አልልም፣ ለዚህ ሰዓት ግን አልመክረውም። የሌላ ሰው መልእክት ጥቅሱ ላይ ብቅ ካለ በኋላ ልብን መሰብሰብ ከባድ ነው። ቁራጭ ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

1. ቀኑን ከማታው ጀምሩት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቀን የሚቆጠረው «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» እየተባለ ነው፤ ማታው ይቀድማል። የጽሞና ጊዜ አጣሁ የሚል ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ያጣው ጠዋት ላይ አይደለም፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ሲተኙ «አሁን የራሴ ጊዜ ነው» ብለን ስልክ እንይዛለን፤ ቀና ስንል እኩለ ሌሊት ሆኗል። ይህን ለዓመታት ሳደርግ ኖሬ ጥፋቱን በስንፍናዬ አላክክ ነበር። ስንፍና ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነበር።

ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መጽሐፍ ቅዱሱን ነገ በምታነቡበት ቦታ ገልጣችሁ ከደብተሩ ጋር መቀመጫችሁ አጠገብ አኑሩት። የነገውን የትምህርት መጻሕፍት አውጥታችሁ ደርድሩ፤ ጠዋት ስትጸልዩ ሐሳባችሁ የሒሳብ ደብተር ፍለጋ እንዳይሄድ። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አድርጉት፤ ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ተኙ። መዝሙር 127 ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መቀመጥ ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ይናገራል፤ እንቅልፍንም እግዚአብሔር ለወዳጆቹ ከሚሰጠው ይቆጥረዋል። ሌሊቱን ሕፃን ስታጠባ ያደረች እናት በሌሊት ተነሥታ መጸለይ አለባት የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ መካሪው ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ ይሆናል።

2. አንድ ጎሞር ለዩ

እስራኤላውያን በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው የታዘዙት ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው) እንዲለቅሙ ነበር፤ ዘጸአት 16 ላይ ይገኛል። ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመው አልጎደለበትም። ለነገ ብሎ ያሳደረው ተላበት፣ ሸተተበትም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ዝርዝር ነው፦ ፀሐይ ሲሞቅ መናው ይቀልጥ ነበር። ጌታም ስንጸልይ የዕለት እንጀራችንን «ለዛሬ» እንድንለምን አስተምሮናል፤ የሳምንቱን አላለም።

በተግባር ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። ባለፈው ወር በጉባኤ ላይ ያገኛችሁት በረከት የዛሬውን ጠዋት አይሸከምም። ደግሞም የዛሬው ድርሻ ትንሽ መሆኑ ሊያሳፍራችሁ አይገባም። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብቡ ዕቅዶች በቀን ሦስት አራት ምዕራፍ ይጠይቃሉ። ልጆቹ ትንንሽ በሆኑበት ወቅት ይህን ጀምሮ የካቲት ላይ ያላቆመ ወላጅ ብርቅ ነው፤ ካቆመም በኋላ የሚቀረው ጸጸቱ ነው።

እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ድርሻ የመዓርግ መዝሙራት የሚባሉትን ነው፤ ከመዝሙር 120 እስከ 134። (በአንዳንድ እትሞች ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ይላል።) አሥራ አምስት ናቸው። 132ኛው 18 ቁጥር አለው፤ የቀሩት ሁሉ ከአሥር ቁጥር በታች ናቸው። 131ኛው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጡት የተወ ልጅ በእናቱ ላይ ሆኖ ዝም እንደሚል ነፍሱን ዝም እንዳሰኛት የሚናገር ሰው መዝሙር ነው። ጡት ያስጣለ ወላጅ ይህን ሲያነብ ሐተታ አያስፈልገውም። አሥራ አምስቱን ሁለት ጊዜ ብታነቧቸው አንድ ወር ይሆናል። ከዚያ ወደ ማርቆስ ወንጌል እለፉ፤ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን ግማሽ ምዕራፍ ብትሄዱ በ32 ቀን ትጨርሳላችሁ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ተቀምጣችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ምንም አትናገሩ። ከዚያ ድርሻውን ለጆሮ በሚሰማ ድምፅ አንብቡት፣ በሹክሹክታም ቢሆን፤ ዓይን የሚዘለውን ምላስ አይዘለውም። አንድ ጊዜ ድገሙት። በሁለተኛው ላይ አንድ ሐረግ ይይዛችኋል፣ ወይም ይቆረቁራችኋል። የሚቆረቁረው ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ነው። ያንን ሐረግ ወደ ጸሎት ለውጡት፤ «ከወዴት ይምጣ ረዳቴ?» የሚለው ከያዛችሁ፣ ዛሬ ረዳት ያጣችሁበትን ነገር በስሙ ጥሩት፦ ንባብ ያስቸገረውን ልጅ፣ ያልተከፈለውን ዕዳ፣ በትናንትናው ንግግር የተቀየመውን የትዳር ጓደኛ። በመጨረሻ ደብተሩ ላይ ቀኑንና አንድ መስመር ጻፉ። አንድ መስመር ብቻ፤ ገጽ ሙሉ መጻፍ የጀመረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል።

እዚህ ላይ ነው ቁራጭ ወረቀቱ የሚያስፈልገው። እያነበባችሁ «ይህን ለልጆቹ እንዲህ ባስረዳቸው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አትታገሉት፣ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ጻፉና ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ደብተሩ ላይ ግን እንዳይገባ። ደብተሩ ውስጥ የልጆቻችሁ ስም የሚገባው ስትጸልዩላቸው ነው።

3. ሰዓቱን እንደ ቤታችሁ ምረጡ

ማርቆስ 1፥35 ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ እንደነበር ይነግረናል፤ ይህ ጥቅስ በየስብከቱ ይጠቀሳል። ቀጣዮቹን ሁለት ቁጥሮች የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ስምዖንና ከእርሱ ጋር የነበሩት ተከትለው አገኙትና «ሁሉ ይፈልጉሃል» አሉት። በሩን እያንኳኳ «እማዬ የት ነሽ?» የሚል ልጅ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ምዕራፍ 6 ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ስላጡ «ጥቂት ዕረፉ» ብሎ በጀልባ ይዟቸው ሄደ፤ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ዕረፍቱ ተቋረጠ። ጌታም ሲያያቸው አዘነላቸው እንጂ አልተቆጣቸውም፤ አስተማራቸው፣ መገባቸውም። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ልብ በሉ፦ ደቀ መዛሙርቱን በጀልባ አስቀደመ፣ ሕዝቡን አሰናበተ፣ ለብቻው ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። የተቋረጠውን በዚያው ቀን ማታ መለሰው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ደንብ ይህ ነው፤ ጽሞናዬ ሲቋረጥ ልጁን አልቆጣም፣ ቀኑንም ተበላሸ አልልም፤ ከመተኛቴ በፊት የምመልስበትን ሰዓት ግን ወዲያው እወስናለሁ።

ሕፃን ያለበት ቤት የተወሰነ ሰዓት አይኖረውም፤ የተወሰነ ወንበር ይኑረው። የምታጠቡበት ቦታ አጠገብ መዝሙሩ ገልጦ ይቀመጥ። ኢሳይያስ 40፥11 እረኛው የሚያጠቡትን በቀስታ እንደሚመራ ይናገራል፤ በዚያ ወቅት ያላችሁ እናቶች ይህን ቃል ለራሳችሁ አስቀሩት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ካሏችሁ ማልዶ መነሣት አይጠቅማችሁም፤ ስትነሡ ይነሣሉ። ይልቅስ ሲነቁ አጠገባችሁ መጥተው ዝም ብለው የሚቀመጡበት ምንጣፍና የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጁ፤ «እማዬ እየጸለየች ነው» የሚለውን ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። አድገው ራሳቸው ቁርሳቸውን የሚሠሩ ልጆች ካሏችሁ ግን ሰበብ የላችሁም፤ ሰዓት ቁረጡና በሩን ዝጉ።

የሜቶዲስት ንቅናቄን የመሩት የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት ሱዛና ዌስሊ (1669–1742) 19 ልጆች ወልዳ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብራለች፤ የተረፉትንም ቤቷ ውስጥ ያስተማረችው ራሷ ናት። ስትጸልይ ሽርጧን በራሷ ላይ ትከናነብ ነበር፣ ልጆቹም ያን ሲያዩ አይረብሿትም ነበር እየተባለ ይነገራል። ታሪኩ የሚወራው ለጀግንነቷ ነው፤ ለእኔ የሚጠቅመኝ ግን ምልክቱ ነው። ልጆች «አትረብሹኝ» የሚለውን ቃል ይረሳሉ፣ የሚታይ ምልክት ግን ያውቃሉ። በእኛ ቤት ምልክቱ አንድ ሻማ ነው፤ ከበራ እናት አለች ግን አትጠየቅም። ደም ከሌለና የሚቃጠል ነገር ከሌለ።

4. በቀኑ ውስጥ ችንካር ምቱ

የጠዋቱ አሥራ አምስት ደቂቃ እስከ እኩለ ቀን የሚደርሰው በየመካከሉ ከተያዘ ነው። አዲስ ሰዓት አትፈልጉ፤ ቀድሞውንም በየቀኑ በሚሆኑ ነገሮች ላይ አጭር ጸሎት አንጠልጥሉ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከመክፈታችሁ በፊት እጃችሁን ክዳኑ ላይ አድርጋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ስታልፉ አንድ ትንፋሽና አንድ ስም፦ የዚያን ሰዓት ተማሪ ልጅ ስም። እጃችሁን ስትታጠቡ። በቃ፤ ሦስት ችንካር ይበቃል።

ነህምያ 2 ላይ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ነህምያም ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መለሰ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል የገባ ጸሎት ስንት ቃል ሊኖረው ይችላል? ጴጥሮስ ሲሰጥም ያለው «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ነው፤ ሦስት ቃል። ክፍልፋይ እያስረዳችሁ ለአምስተኛ ጊዜ «አልገባኝም» ስትባሉ የሚበቃችሁ ይህ ነው።

5. የቤተሰብ ጸሎቱን ከክፍለ ትምህርት ለዩት

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ከልጆቹ ጋር የምታደርጉት ጸሎትና ንባብ ፈተና አይሁን። አሥር ደቂቃ፣ አንድ መዝሙር፣ አጭር ንባብ፣ ጸሎት። ጥያቄ የምትጠይቁ ከሆነ መልሱን እናንተም የማታውቁትን ጠይቁ። «እኔ ይህን አልተረዳሁትም፤ እናንተ ምን ይመስላችኋል?» የምትል እናት ያለችበት ማዕድ ላይ ልጆች ይናገራሉ። ውጤት አትስጡበት፣ የቃል ጥናቱንም ወደ ሌላ ሰዓት ውሰዱት። እንዲህም ሆኖ የእናንተን ድርሻ አይተካም።

6. የቀትር ጸጥታ

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልበት፣ እያንዳንዱ ልጅ በየቦታው ለብቻው የሚሆንበት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ትንሹ ይተኛል፣ መካከለኛዋ ትሥላለች፣ ትልቁ ያነባል። ማንም ማንንም አይጠራም።

በአንድ ቀን አይለመድም። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፤ ልጆቹ የሚያዩት የሰዓት ቆጣሪ ይኑር። በየሦስት አራት ቀኑ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። አንዱ ከቦታው ሲነሣ ሳትቆጡና ሳትወያዩ መልሱት፤ ውይይት ከጀመራችሁ ጸጥታው አልቋል። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ጥጎቹን አከፋፍሏቸው፣ ጀርባ ለጀርባም ይሠራል።

ከባዱ ክፍል ልጆቹ አይደሉም፤ እናንተ ናችሁ። ጸጥታው እንደመጣ እጃችሁ ወደ እርማቱ፣ ወደ ዕቃ ማጠቡ፣ ወደ ስልኩ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ለሥራ አትስጧቸው። ከደከማችሁ ተኙ። ይህን ስል መንፈሳዊ ነገር እየቀነስኩ አይደለም። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ (1 ነገሥት 19) መልአኩ ትምህርት አልሰጠውም። ነካ አደረገውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀሰቀሰው፣ ዳግመኛ በላ። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀን ወደ ኮሬብ የተጓዘው፣ ከዚያም በኋላ ነው ትንሹን የዝምታ ድምፅ የሰማው። እኛ ከድምፁ መጀመር እንፈልጋለን።

7. ድምፃችሁ ከፍ ሲል

ቤት የሚያስተምር ወላጅ ከሚጸጸትባቸው ነገሮች አብዛኛው የሚሆነው ጠረጴዛው ላይ ነው። መምህርም ወላጅም መሆን ማለት ልጁ ሲያጠፋ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ሰው የለም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ልጄ የጻፈውን ድርሰት በቁጣ ቀድጄዋለሁ። ወረቀቱን በማጣበቂያ መልሰን አያያዝነው፤ አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ።

ንዴቱ ሲመጣ ትምህርቱን አቁሙ፤ ገጹ ይጠብቃል። ልጆቹ ያሉበት ቦታ አስተማማኝ መሆኑን አይታችሁ ለሁለት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ። እዚያ የምትጸልዩት ስለ ልጁ ጠባይ አይሁን፣ ስለ ራሳችሁ ይሁን። ተመልሳችሁ ይቅርታ የምትጠይቁ ከሆነ ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፦ «ስለጮኽኩብህ ይቅር በለኝ፤ ደብተርህን መወርወሬ ልክ አልነበረም።» «ግን» የምትለውን ቃል አውጧት። «ይቅርታ፣ ግን አንተም…» ይቅርታ አይደለም፣ ክስ ነው። የልጁ ጥፋት ካለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለብቻው ይነሣ። ፀሐይ ሳይገባ ይሁን፤ ኤፌሶን 4፥26 እንደሚለው። ቆላስይስ 3፥21 ልጆች እንዳይዝሉ አታበሳጩአቸው ይላል። ልጅም እንደሚዝል መጽሐፍ ያውቃል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ አንዳንዴ ይረሳዋል።

ንዴቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ትምህርት ላይ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ፍጥነቱ ሊሆን ይችላል። ያዕቆብ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው አብረን እንሂድ አለው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን፣ መንጋውም አንድ ቀን በችኮላ ቢነዳ ሁሉ እንደሚሞት ነግሮት በልጆቹ እርምጃ መጠን ቀስ ብሎ እንደሚከተል ተናገረ (ዘፍጥረት 33)። በጎረቤት ልጅ ወይም በሥርዓተ ትምህርቱ ሠንጠረዥ ፍጥነት መሄድ ግዴታ አይደለም። አንዱን ትምህርት ለሁለት ሳምንት አሳርፉትና ቤቱ ሲተነፍስ ተመልከቱ።

8. ማታ ሦስት ጥያቄ

መኝታ ላይ፣ ከአምስት ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ፦ ዛሬ እግዚአብሔር የት ረዳኝ? የት ወደቅሁ? ነገ ማንን ላስታውስ? ሁለተኛው ላይ አትቆዩበት። ተናዘዙና እለፉ፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ መሆኑን ይናገራል። ከባድና የሚመላለስ ነገር ካለ ወደ ንስሐ አባታችሁ ወይም ወደ መጋቢያችሁ ውሰዱት፣ ለብቻችሁ አታመንዥኩት።

9. የሳምንቱ ዕረፍትና ሌሎች ሰዎች

መናው በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይወርድ ነበር፤ በሰባተኛው ለመልቀም የወጡት ምንም አላገኙም። ዕረፍት ዝግጅት አለው ማለት ነው። ከዕረፍት ቀናችሁ በፊት ባለው ቀን ማታ የትምህርት መጻሕፍቱን ሁሉ ሰብስባችሁ ከዓይን አርቁ፤ በጨርቅ መሸፈንም ይበቃል። በዕረፍቱ ቀን የሚመጣውን ሳምንት አታቅዱ፤ ለዕቅዱ ከሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት ስጡት። ይህን መጠበቅ ለእኔ ከጾም ይከብደኛል።

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር «ይህ የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም» አለው፤ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ አለው (ዘጸአት 18)። ድካሙን መጀመሪያ ያየው ሙሴ ራሱ እንዳልነበረ አስተውሉ። ስለዚህ ለአንድ ሰው ፈቃድ ስጡ፦ ለትዳር ጓደኛ፣ ለእህት፣ እንደ እናንተ ቤት ለሚያስተምር ሌላ ወላጅ። «ስዝል ካየሽኝ ንገሪኝ» በሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ልጆቹ ትምህርት ሳይሆን ስለ እናንተ የሚጠይቅ ሰው ይሁን። የትዳር ጓደኛ ካላችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ ተነጋገሩ፤ እናንተም መልሱለት። ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ልጆችን በተራ መያዝ ይቻላል፤ መጠየቁ ነው የሚከብደው።

ሱዛና ዌስሊ ለእያንዳንዱ ልጇ በሳምንት አንድ ምሽት ለይታ ትነጋገረው ነበር፤ ሐሙስ የጆን ነበረ። ይህንንም ሞክሩት። ለልጁ ነው ቢመስልም ለወላጁም ነው፤ ከሰባት ቀን እርማትና ትእዛዝ በኋላ ልጄን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ የማየው በዚያ ሰዓት ነው።

ቃሉ ሲደርቅባችሁ

አንዳንዴ ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ ምንም አይሰማችሁም። ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ድርሻውን አሳንሱ እንጂ አታቁሙ። መዝሙር 13ን አንብቡ፤ ስድስት ቁጥር ነው፣ «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቅ። ጸሎት ቃል ካጣ የመዝሙሩን ቃል ተዋሱ።

ድርቀቱ ግን እንቅልፍ ከማጣት፣ ምግብ ከመጥላት፣ ያለ ምክንያት ከማልቀስ፣ «ባልኖር ይሻላል» ከሚል ሐሳብ ጋር ከመጣ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ ይህ የጽሞና ጉድለት አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ለቅርብ ሰውም ዛሬውኑ ተናገሩ። ከጸሎት ጋር አብሮ ይሄዳል። ኤልያስም ሞቱን ለምኖ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን እምነትህ አነሰ አላለውም።

አጀማመር

ዘጠኙን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የማታውን ዝግጅትና አንዱን መዝሙር ብቻ። በሁለተኛውና በሦስተኛው የቀትሩን ጸጥታ አስገቡ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ችንካሮቹንና የማታውን ጥያቄ። የሳምንቱን ዕረፍት በፈለጋችሁት ጊዜ ጀምሩት፣ አይቀድምም አይዘገይምም።

ቀን ማምለጡ አይቀርም። ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ወይም እንዲሁ ይረሳል። ሦስት ቀን ቢያመልጣችሁ በአራተኛው ቀን አራት መዝሙር አታንብቡ። ዕልባቱ የቆመበትን አንዱን ብቻ አንብቡ፣ ደብተሩ ላይ የዚያን ቀን ቀን ጻፉ፤ ያመለጡትን ቀኖች ባዶ መስመር አትተዉላቸው።